በአክራ ጠረፍ የሚያርፉት ክዋሜ ንክሩማህ

የጋና ርዕሰ ከተማ አክራ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር በምትገናኝበት ጠረፍ፣ ከውኃው በጥቂት ርቀት ላይ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዝ ሹማምንት በፈረስ ሆነው ፖሎ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። ሜዳው ለአገሬው ሕዝብ የተከለከለ ነበር። ማርች 6 ቀን 1957 እኩለ ሌሊት ላይ ግን በዚያው ሜዳ ከተተከለ መድረክ ላይ አንድ የ47 ዓመት ጎልማሳ ቆመው የአገራቸውን ነፃነት ለተሰበሰበው ሕዝብ አበሰሩ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከሰሐራ በስተደቡብ ከነበሩት የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች መካከል ከእንግሊዝ አገዛዝ ቀድማ የተላቀቀችው ጎልድ ኮስት፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጋና ተብላ ተጠራች።

ዛሬ በሥፍራው የክዋሜ ንክሩማህ የመታሰቢያ ፓርክ ይገኛል። የመሪው ሐውልት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የቆመው ነፃነቱ በታወጀበት ቦታ ላይ ነው። ወደ ሐውልቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በውኃ ውስጥ በርከክ ብለው የቀንድ መለከት የሚነፉ ሰዎች ምስሎች ተደርድረዋል። ከሐውልቱ ጀርባ በጋናዊው አርክቴክት ዶን አርተር የተነደፈው በእምነበረድ የተሸፈነ መካነ መቃብር ይታያል። ቅርጹ ወደ ታች የተዘቀዘቁ ሰይፎችን ይመስላል፤ በአካን ሕዝብ ባሕል ሰይፍ ሲዘቀዘቅ የሰላም ምልክት ነው። በጫፉ ላይ የጋና መለያ የሆነው ጥቁር ኮከብ ተቀምጧል።

ጎብኚው ከመታሰቢያው ወጥቶ የባሕሩን ዳርቻ ቢከተል የሰውዬውን ታሪክ በእግሩ ሊያነበው ይችላል። በምዕራብ በኩል ጀምስ ታውን በተባለው የዓሣ አጥማጆች ሠፈር ጀምስ ፎርት የተሰኘው አሮጌ ምሽግ አለ፤ ንክሩማህ የታሰሩበት ወኅኒ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በኦሱ ሠፈር ዴንማርኮች የሠሩት የክርስቲያንስቦርግ ግንብ አለ፤ የእንግሊዝ ገዢዎች መቀመጫ የነበረ፣ በኋላም ንክሩማህ ራሳቸው የገቡበት ቤተ መንግሥት ነው። ወኅኒው፣ የነፃነት አደባባዩ፣ ቤተ መንግሥቱና መቃብሩ በአንድ ጠረፍ ላይ ተደርድረዋል። የታሪካቸው ክብርም ፈተናም ከአንዱ ወደ ሌላው በሄዱበት መንገድ ላይ ይገኛል።

ክዋሜ ንክሩማህ በምዕራባዊው የጎልድ ኮስት ጥግ፣ በንዜማ ሕዝብ አካባቢ፣ ንክሮፉል በምትባል መንደር በ1909 እንደተወለዱ ተመዝግቧል። አባታቸው ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ። እናታቸው ኒያኒባ አንድ ልጃቸውን በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡ። ልጁ በትምህርቱ የተመሰገነ ስለነበር ወደ አክራ ተልኮ በአቺሞታ የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማረ በኋላ በ1930 ተመረቀ፤ በኤልሚናና በአክሲምም አስተማረ። በዚያን ወቅት አክራ ውስጥ ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ናይጄሪያዊው ናምዲ አዚኪዌ የጻፏቸው ጽሑፎች የወጣቱን መምህር ልብ ወደ ፖለቲካ እንደሳቡት ይነገራል። አዚኪዌ አሜሪካ ተምረው የተመለሱ ስለነበሩ ንክሩማህም ያንኑ መንገድ መረጡ።

በ1935 ወደ አሜሪካ ለመሻገር ለንደን እንደደረሱ የገጠማቸው ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። በማያውቁት ከተማ ተስፋ ቆርጠው በሚንከራተቱበት ሰዓት፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያበስር የጋዜጣ ሰሌዳ በጎዳና ላይ አዩ። ለንደን በሙሉ በእርሳቸው ላይ ጦርነት ያወጀ ያህል እንደተሰማቸው፣ በአጠገባቸው የሚያልፉት ሰዎች ፊት ላይም ምንም የሐዘን ምልክት ማጣታቸው ቁጣቸውን እንዳበረታው በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ኢትዮጵያን ፈጽሞ አይተዋት አያውቁም ነበር። ይሁን እንጂ ቅኝ አገዛዝን መታገል የሕይወታቸው ዓላማ መሆኑን ያረጋገጡበት ሰዓት አድርገው ያስታወሱት ይህንኑ ነው።

በአሜሪካ አሥር ዓመት ቆዩ። በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በትምህርት፣ በነገረ መለኮትና በፍልስፍና ዲግሪዎችን አገኙ። ትምህርቱ ግን በደህና ኑሮ የተገኘ አልነበረም። በሃርለም ዓሣ ቸርችረዋል፤ በሳሙና ፋብሪካ ደክመዋል፤ በመርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆነዋል፤ ማደሪያ ሲያጡም በምድር ውስጥ ባቡር ተቀምጠው ሌሊቱን ያነጉ ነበር። በ1945 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ከትሪኒዳዱ ጆርጅ ፓድሞር ጋር በማንቸስተር የተካሄደውን አምስተኛውን የመላው አፍሪካ ኮንግረስ አዘጋጁ። በጉባዔው ላይ አንጋፋው ዱ ቦይስ ተገኝተዋል። ከዚያ ቀደም የምሁራን ልመና የነበረው ነገር በዚህ ጉባዔ የሠራተኛውና የገበሬው ጥያቄ ሆነ።

ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1947 መጨረሻ፣ ሌሎች ሰዎች ጠርተዋቸው ነው። የሕግ ባለሙያው ጆሴፍ ዳንኳና ጓደኞቻቸው የተባበረው የጎልድ ኮስት ኮንቬንሽን የተባለ ማኅበር አቋቁመው ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ ዋና ጸሐፊ ሲፈልጉ፣ በአሜሪካ የሚያውቋቸው አኮ አድጄይ የንክሩማህን ስም አቀረቡ። አንባቢ እነዚህን ሁለት ስሞች ልብ ሊል ይገባል፤ ዳንኳና አኮ አድጄይ በኋላ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የተዋጉ ወታደሮች ጡረታቸውና የተገባላቸው ቃል እንዲፈጸም አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ተጓዙ። በመንገድ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። አክራና ሌሎች ከተሞች በሁከት ተናወጡ። የቅኝ ገዢው መንግሥት ንክሩማህን፣ ዳንኳንና አኮ አድጄይን ጨምሮ ስድስት የኮንቬንሽኑን መሪዎች አሰረ። ሲፈቱ ግን ልዩነታቸው ጎልቶ ወጣ። ነባሮቹ ጠበቆችና ነጋዴዎች ነፃነትን በድርድርና በጊዜው ሲጠብቁ፣ ንክሩማህ አሁኑኑ አሉ። በጁን 1949 ከኮንቬንሽኑ ተለይተው የኮንቬንሽን ሕዝባዊ ፓርቲን መሠረቱ። የገበያ ሴቶች፣ ሾፌሮች፣ ትምህርታቸውን ከመካከለኛ ደረጃ ያቋረጡ ወጣቶችና ዓሣ አጥማጆች ተከተሏቸው።

በጃንዩዋሪ 1950 የጠሩት አድማና ያለ ኃይል የሚደረግ እምቢተኝነት ወደ ጀምስ ፎርት ወሰዳቸው፤ የሦስት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። ከእሥር ቤቱ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ እየጻፉ በምስጢር የሚያወጧቸውን መመሪያዎች በውጭ ያሉት ጓዶቻቸው፣ በተለይም ኮምላ ግቤዴማ፣ ሥራ ላይ ያውሉ ነበር። በፌብሩዋሪ 1951 ምርጫ ሲካሄድ እሥረኛው ለአክራ ማዕከላዊ ወረዳ ተወዳድረው ከተሰጠው 23 ሺህ 122 ድምፅ 22 ሺህ 780ውን አገኙ። ፓርቲያቸውም በምርጫ ከሚያዙት 38 መቀመጫዎች 34ቱን ወሰደ። የእንግሊዙ ገዢ ሰር ቻርልስ አርደን ክላርክ አማራጭ እንደሌላቸው ተረድተው ንክሩማህን ከወኅኒ አስወጥተው መንግሥት እንዲመሠርቱ ጋበዟቸው።

የሚቀጥሉት ስድስት ዓመታት በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ባይወራላቸውም ለመንግሥት ሠራተኛ ሊያስተምሩ የሚችሉ ናቸው። ንክሩማህ ትናንት ካሰሯቸው የእንግሊዝ ሹማምንት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሠሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ቀን ባዶ ከማድረግ ይልቅ የአገሪቱ ተወላጆች ደረጃ በደረጃ የሚተኩበትን፣ ለሚለቁትም ካሣ የሚከፈልበትን መንገድ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን ካደጉት ጋናውያን የአስተዳደር ባለሙያዎች አንዱ ሮበርት ጋርዲነር ሲሆኑ፣ በኋላ አዲስ አበባ የሚገኘውን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1962 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በዋና ጸሐፊነት መርተዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ በ1952 ተነሣ፤ መንገድ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተሠራ። የወጪው ምንጭ ካካዎ ነበር።

ነፃነቱ ከታወጀ በኋላ የጋና ሰንደቅ ዓላማ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ ቀጥሎ እነዚህን ቀለሞች የያዘች አፍሪካዊት አገር ጋና ነበረች። ንክሩማህ በዚያች ሌሊት ያሰሙት መልእክት የጋና ነፃነት ከመላው አፍሪካ ነፃነት ጋር ካልተያያዘ ባዶ ነው የሚል ነበር። ይህንንም በንግግር ብቻ አልተዉትም። በአፕሪል 1958 ኢትዮጵያን ጨምሮ በወቅቱ ነፃ የነበሩ ስምንት የአፍሪካ አገሮችን መንግሥታት በአክራ ሰበሰቡ። በዲሴምበር ደግሞ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ ሕዝቦች ታጋዮችን ጠሩ፤ ከኮንጎ የመጡት ፓትሪስ ሉሙምባ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ፈረንሳይ ፊቷን ላዞረችባት ጊኒ አሥር ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ሰጡ። ግብፃዊቷን ፋትያን ሲያገቡም ብዙዎች ድርጊቱን ሰሜኑንና ደቡቡን የሚያገናኝ ድልድይ አድርገው ተመለከቱት።

በሜይ 1963 አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያቀረቡት ሐሳብ የዚህ ሁሉ ጫፍ ነበር። አህጉሪቱ አንድ መንግሥት፣ አንድ የውጭ ፖሊሲ፣ አንድ የመከላከያ ዕዝ፣ የጋራ የኢኮኖሚ ዕቅድና የጋራ ገንዘብ ይኑራት፤ ይህም ለነገ የሚቀጠር አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ለስብሰባውም ይሆን ዘንድ በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። አብዛኞቹ መሪዎች ግን ትናንት ያገኙትን ሉዓላዊነት ዛሬ አሳልፎ ለመስጠት ዝግጁ አልነበሩም። ካዛብላንካና ሞንሮቪያ በሚባሉ ቡድኖች የተከፈሉትን አገሮች ወደ አንድ ቻርተር ያመጣቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው የአቶ ከተማ ይፍሩ ዲፕሎማሲ ነው። ሜይ 25 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ንክሩማህም ካሰቡት በታች በሆነው ሰነድ ላይ ፈረሙ። የአዲስ አበባው መንገድ የሚቻለውን ያስገኘ ነበር፤ የንክሩማህ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በሚቀጥለው ዓመት ካይሮ ላይ ሐሳባቸውን ዳግም ሲያነሡ የታንጋኒካው ጁሊየስ ኔሬሬ በአደባባይ ተቃውመዋቸዋል።

በአህጉሩ መድረክ ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነበር። ነፃነቱ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1958 ምክር ቤቱ ለጸጥታ አስጊ ነው የተባለን ሰው ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት አስሮ ማቆየት የሚያስችል ሕግ አወጣ። በ1961 የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ መሪዎቻቸው በዚሁ ሕግ ታሰሩ። ግቤዴማ፣ ያ ንክሩማህ በወኅኒ ሳሉ ፓርቲውን ተሸክመው ለድል ያበቁት ሰው፣ ከሥልጣን ተባርረው አገር ለቀቁ። በኦገስት 1962 ኩሉንጉጉ በምትባል የሰሜን መንደር በፕሬዚዳንቱ ላይ ቦምብ ተወረወረ። የሞት አደጋው እውነተኛ ነበር፤ ፍርሐቱም መሠረተ ቢስ አልነበረም። ነገር ግን በሴራው ከተጠረጠሩት አንዱ ያ ስማቸውን ለኮንቬንሽኑ ያቀረቡት አኮ አድጄይ ነበሩ። በዲሴምበር 1963 ፍርድ ቤት አኮ አድጄይንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ነፃ ሲያወጣ ንክሩማህ ዋና ዳኛውን ሰር አርኩ ኮርሳን ከሥልጣን አነሡ። ፍርዱም ተሽሮ ተከሳሾቹ በሌላ ችሎት ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በኋላ ወደ እሥራት ተለወጠላቸው። በ1964 አገሪቱ ሕጋዊ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች።

ዳንኳም ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ጎልድ ኮስት ጋና ተብላ እንድትጠራ ሐሳብ ያቀረቡትና ንክሩማህን ከለንደን ያስጠሩት እኒህ አዛውንት ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1965 ንሳዋም በሚባል ወኅኒ ውስጥ፣ ክስ ሳይመሠረትባቸውና ሳይፈረድባቸው፣ ሞቱ። ንክሩማህን ለሚያከብር ሰው ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ የለም። ቅኝ ገዢው በ1950 በጀምስ ፎርት ሲያስራቸው ቢያንስ ችሎት አቅርቦ የእሥራቱን ዘመን ነግሯቸው ነበር።

የሠሩት ሥራም አብሮ ሊቆጠር ይገባል። በ1962 የተመረቀው የቴማ ወደብ የጋናን ንግድ መልክ ቀየረ። በቮልታ ወንዝ ላይ የተሠራው የአኮሶምቦ ግድብ ከወጪው ግማሽ ያህሉ በጋና ራሷ፣ የቀረው ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው። ከግድቡ በስተጀርባ የተንጣለለው ሐይቅ 8 ሺህ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ በቆዳ ስፋት በዓለም ላይ ከሰው ሠራሽ ሐይቆች ትልልቆቹ መካከል ነው። 80 ሺህ ያህል ሰዎች ከመንደራቸው ተነሥተው እንደገና እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ጋና እስከ ዛሬ ከዚያ ግድብ ኤሌክትሪክ ታገኛለች። በሌላ በኩል ለብዙ ፋብሪካዎችና ግንባታዎች የወጣው ገንዘብ ተመላሽ ያልነበረው ሲሆን፣ የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሽቆለቁል በነፃነቱ ዋዜማ የነበረው ተቀማጭ ተሟጥጦ አገሪቱ በዕዳ ተያዘች። በገበያ ላይ የዕለት ፍጆታ ዕቃዎች ጠፉ።

የአኮሶምቦ ግድብ የተመረቀው ጃንዩዋሪ 22 ቀን 1966 ነው። በወሩ ንክሩማህ የቬትናምን ጦርነት ለማስታረቅ ወደ ሃኖይ ሲጓዙ ፌብሩዋሪ 24 ቀን የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ አዛዦች መንግሥቱን ገለበጡ። ዜናውን የሰሙት ቤይጂንግ ሲደርሱ ከቻይና ባለሥልጣናት ነበር። በአክራ ጎዳናዎች ብዙ ሰው በደስታ ወጣ፤ እሥረኞች ተፈቱ፤ አኮ አድጄይም ከእነርሱ ጋር። በቀድሞው ምክር ቤት ፊት ለፊት የቆመው የንክሩማህ ሐውልት ተገንድሶ ወደቀ፤ አንገቱም ተቆረጠ።

የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ስደተኛውን መሪ ተቀብለው ተባባሪ ፕሬዚዳንት የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። ኮናክሪ ላይ፣ እንደ አክራ ሁሉ በውቅያኖስ ዳርቻ፣ ስድስት ዓመት ያህል መጻሕፍት እየጻፉ፣ ጽጌረዳ እየኮተኮቱና ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ቀን እየጠበቁ ኖሩ። ፋትያና ሦስቱ ልጆቻቸው ካይሮ ስለነበሩ ከዚያች የመፈንቅለ መንግሥት ቀን በኋላ ቤተሰቡ አንድ ላይ አልኖረም። በካንሰር ታመው ለሕክምና ወደ ሩማኒያ የተወሰዱት ንክሩማህ አፕሪል 27 ቀን 1972 ቡካሬስት ውስጥ አረፉ።

አስከሬናቸው ወደ ምድራቸው የተመለሰበት መንገድ ረጅም ነበር። በመጀመሪያ ኮናክሪ ላይ በመንግሥት ደረጃ ሥርዓት ተደረገላቸው። ጋናን ይመራ የነበረው የኮሎኔል አቼምፖንግ መንግሥት ከጊኒ ጋር ከተደራደረ በኋላ በጁላይ 1972 ንክሮፉል፣ የተወለዱባት መንደር ውስጥ ተቀበሩ። ለሃያ ዓመታት በዚያ ቆይተው ጁላይ 1 ቀን 1992 በፕሬዚዳንት ጄሪ ሮውሊንግስ ዘመን ወደ አክራ፣ ወደ ቀድሞው የፖሎ ሜዳ ተዛወሩ። ፋትያ በ2007 ሲያርፉ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ። ፓርኩ ታድሶ በጁላይ 2023 እንደገና ተከፍቷል። የከፈቱትም የዳንኳ ቤተሰብና የዳንኳ የፖለቲካ ወገን የሆኑት ፕሬዚዳንት ናና አኩፎ አዶ መሆናቸው ልብ የሚባል ነው።

በመታሰቢያው ቅጥር ውስጥ ከአዲሱ ሐውልት ሌላ አንድ አንገት የሌለው የነሐስ ሐውልት ይታያል፤ በ1966 የወደቀው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ጭንቅላቱን አንሥቶ ለአርባ ዓመታት ያህል ደብቆ ካቆየው በኋላ ተመልሶ ዛሬ ከአካሉ አጠገብ በራሱ መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን መልሶ ማጋጠም የሚያስቸግር አልነበረም። ጋናውያን ግን እንዳለ ተዉት፤ ይህም ከእምነበረዱ ይበልጥ የሚናገር ውሳኔ ይመስላል።

አገሪቱ ስለ መሪዋ የምታደርገው ክርክር በቀን መቁጠሪያዋም ላይ ይታያል። የንክሩማህ ልደት ሴፕቴምበር 21 በ2009 የመሥራቹ ቀን ተብሎ ሕዝባዊ በዓል ሆነ። በ2019 መሥራቾቹ ብዙ ናቸው በሚል በዓሉ ወደ ኦገስት 4 ተዛውሮ ሴፕቴምበር 21 የመታሰቢያ ቀን ብቻ ተደረገ። በ2025 ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ የመሥራቹ ቀን ወደ ሴፕቴምበር 21 ተመለሰ። የአክራ አውሮፕላን ማረፊያም ከገለበጧቸው መኮንኖች አንዱ በሆኑት በኮቶካ ስም ለአሥርት ዓመታት ሲጠራ ኖሯል።

አዲስ አበባም የበኩሏን ክርክር አስተናግዳለች። የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ጽሕፈት ቤት በጃንዩዋሪ 2012 ሲመረቅ በቅጥሩ ውስጥ የንክሩማህ ሐውልት ቆመ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ድርጅቱ እንዲመሠረት የደከሙት አፄ ኃይለ ሥላሴ ለምን ተዘነጉ ሲሉ ጠይቀው ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት በፌብሩዋሪ 2019 በዚያው ቅጥር ተመረቀ፤ በ1963 በአንድነቱ ፍጥነት ላይ ያልተስማሙት ሁለቱ ሰዎችም በአንድ ግቢ ቆመዋል።